ለስድስት መስኮት አሥራ አራት ቀን

መጋቢት ፱ ቀን ፲፱፻፳፩፣ ሰኞ ጠዋት

ሦስተኛው መስኮት ወለቀ። መስተዋቱን የያዘው አሮጌ ስቱኮ ድንጋይ ሆኗል። ካራ አልበገረውም፤ በጋለ ብረት አለሰለስኩት። ዙሪያው ስንጥቅጥቅ፣ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲገባ የኖረው በዚህ ነው። ክፈፉ ታጠበ። ይድረቅ። ሦስት ይቀራሉ።

ደብተሬ፣ ነገሩን በሥርዓት ላስፍርልሽ። ባለቤቴ ደስታ ታሟል፤ ደረቱን ነው። የናዝሬቱ ሐኪም ብርድና እርጥበት እንዳይነካው ብሏል። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሕይወቱ ሳለ ወደ ተወለደበት ደሴት መሻገር፣ እዚያው ከእናቱ መቃብር አጠገብ ማረፍ። መቀመጥ አይችልም፤ በሳር ታንኳ አይሄድም። በዝዋይ ሐይቅ ሰው የሚተኛበት ክፍል ያላት ባለ ሸራ ጀልባ የእኛ አሮጊት ብቻ ናት። የበልግ ዝናብ ጀምሯል። ክፍሏ ታፈሳለች። ስለዚህ መስኮት።

መጋቢት ፲፪፣ ሐሙስ

ገመቹ ከናዝሬት ደረሰ። ከደስታ ጋር ሃያ ዓመት ጀልባዋን የነዳ ሰው ነው። ስድስት መስተዋት፣ በጭድ ተጠቅልሎ፣ በበቅሎ። አንድም አልተሰበረ። መንገዱን ሁሉ በቅሎዋን እየሳበ በእግሩ መጣ። "አካም ጂርቱ፣ እንደምን አሉ እሜቴ! ሚስቴን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ አምጥቻት አላውቅም" አለኝ። ደ. ከአልጋው ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ።

ስቱኮ ሠራሁ። ሦስት ጊዜ የተነፋ ነጭ አፈር፣ የተልባ ዘይት። እንደ ሊጥ እስኪሳብ በዘነዘና ውቀጣ። ዘይቱን የሸጠችልኝ ሴት፣ ሰው በጾም ለሆዱ ያጣውን ተልባ እኚህ ሴትዮ ለጀልባ ያበላሉ ብላ ገበያውን አሳቀችብኝ። ይሳቁ።

ስድስቱም ተገጠሙ። ክንዴ ዝሏል። መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

መጋቢት ፳፩፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ ቀን ሆነው፤ ስቱኮው ዛሬም ያለቅሳል። ከክፈፉ ወርዶ መስተዋቱ ላይ ተዝረከረከ። የተረፈውን ዘይት አሸተትኩ። ኑግ አለበት። ኑግ ለወጥ እንጂ ለመስኮት አይሆንም፤ አይደርቅም። ሴትዮዋን አልተናገርኳትም። ሳላሸት የተቀበልኩ እኔ ነኝ።

ገመቹ የበሬ ቆዳ ከላይ ወጥረን ነገ በማለዳ እንሂድ አለ። ደ. ከእሱ ጋር አበረ። "ውሃ ላይ ተወልጄ በጠብታ ልሞት ነው? አንቺ ሴት፣ ተይኝ!" አለኝ። እምቢ አልኩ። ነፋሱ ቆዳውን ቢገልጠውስ? ደረቱ ቢርስስ? ደግሞም የተበላሸ ሥራ ይሠራል እንጂ አይሸፈንም። ሁሉንም ፍቄ አወጣሁት። ደ. ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መጋቢት ፳፬፣ ማክሰኞ

ተልባውን ራሴ ለቅሜ፣ ዓይኔ እያየ አስጨመቅሁ። ቶሎ እንዲይዝ ዘይቱን አፈላሁት። እንደ አዲስ ስድስት መስኮት። ጨረስኩ።

ከዛሬ አሥራ አራት ቀን። ሚያዝያ ፰ እንሻገራለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነካ።

በልጅነቴ ያስተማረችን መምህርት ከሩቅ ብርድ አገር የመጣች ነበረች። የትምህርት ቤቱን መስኮት በየዓመቱ እኛን ሴቶቹን ታሳድሰን ነበር። ለስቱኮ አሥራ አራት ቀን፤ ቀኑ ሳይሞላ የነካ በማስመሪያ ይመታል። በሰባተኛው ቀን ነክቼ ተመታሁ። ቀኝ እጄን፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ቀኑ ያልሞላ ነገር ነክቼ አላውቅም።

መጋቢት ፳፭፣ ረቡዕ

ፀሐይ እንዲሞቅ ደ.ን ከጀልባዋ ጥግ አስተኛነው። ዕቃ ላመጣ ገባ ብዬ ስመለስ፣ በአራተኛው መስኮት ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ አውራ ጣቱ ታትሟል። ደርቆ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው አለ፤ እንደ ልጅ እየሳቀ። በአንድ ቀን ይደርቃል ወይ ብዬ ተቆጣሁት። በገመቹ ፊት። ከዚያ በካራ አስተካከልኩት። አሁን ከሌላው አይለይም።

መጋቢት ፴፣ ሰኞ

ሌሊቱን ሁሉ ዘነበ። ዛሬ ሦስት ማንኪያ አጥሚት ብቻ ወሰደ። በየማለዳው ያው ጥያቄ፦ ደረቀ? ስምንት ቀን አልኩት። ከዓይኑ ላይ የሆነ ነገር ጠፋ። አይ፣ እኔ ነኝ እንዲህ የማስበው።

ሚያዝያ ፬፣ ዓርብ

ደም አስሎታል። ገመቹ ወደ ውጭ ጠርቶኝ፣ እሜቴ በአንድ ጣትዎ ብቻ ይሞክሩት አለ። ለመነኝ። ትልቅ ሰው ነው፤ ሲለምን ማየት ከበደኝ። አራት ቀን ነው የቀረው አልኩት። ሰው ሠላሳ ቀን ታግሦ አራት ቀን አይታገሥም?

ገመቹ ሄዶ ሸራውን ሰፋ።

ሚያዝያ ፮፣ እሑድ

ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ደስታ ዐረፈ።

አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። ነፋሱ ከየት ነው አለ። ከደሴቱ ነው አልኩት። ከደሴቱ አልነበረም። በሕይወቴ የዋሸሁት ይህን ብቻ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይቆጣል፣ አይገባበትም። ነገ በማለዳ እንወስደዋለን።

ሚያዝያ ፯፣ ሰኞ ማለዳ

ሰዎቹ ጀልባዋን ሊገፉ ቆመዋል። ገመቹ አየኝ። ዛሬ አሥራ ሦስተኛው ቀን ነው።

አውራ ጣቴን በመጀመሪያው መስኮት ላይ ጫንኩ። ምልክት አልያዘም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እስከ ስድስተኛው። ላዩ ብቻ እንዳይሆን በመርፌ ወጋሁት። መርፌው ታጠፈ።

ይህ የትናንት ድርቀት አይደለም። የሳምንት ነው። ዘይቱን ያፈላሁት እኔ፤ ይህንንም የዝዋይ ፀሐይ አውቀዋለሁ። አሥራ አራቱ ቀን የብርድ አገር ቀን ነበር። ይህን ለማወቅ አንድ ጣት ይበቃኝ ነበር። እሱ አውቆት ነበር። ገመቹም።

እየጠሩኝ ነው።

ሚያዝያ ፰፣ ማክሰኞ፣ ደሴቱ

ትናንት መካከል ላይ ዝናብ ያዘን። ከባድ። እኔ ከውስጥ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ውሃው በስድስቱም መስተዋት ላይ ይወርዳል። የክፈፉን ጥግ ሁሉ በእጄ ዳበስኩ። ደረቅ። የተጠቀለለበት ጋቢ ደረቅ። አንድ ጠብታ አልነካውም።

በእናቱ አጠገብ ተቀበረ። የደሴቱ ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀሰው። ሴቶቹ ለእኔ ወንበር አመጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

ዛሬ ነበር የምንሻገረው።

ገመቹ ነገ በማለዳ እንመለስ ይላል። አልመለስም። ደ. የተወለደባት ጎጆ አንዲት ክፍል አላት፤ ትበቃኛለች። ጀልባዋን ለገመቹ ሰጠሁት። መስኮቶቹን ሲያድስ ቀን እንዳይቆጥር፣ በየማለዳው በጣቱ እንዲሞክር ነገርኩት። እሺ አለ። ደግሜ ነገርኩት። "ገብቶኛል እሜቴ" አለና ፊቱን ሸፈነ።

ከመሄዱ በፊት አራተኛውን መስኮት ማየት አለብኝ። ታችኛው ቀኝ ጥግ። የአውራ ጣቱን ምልክት ትናንት በጣቴ ፈለግሁት፤ ልሙጥ ነው። ሥራዬ ጥሩ ነው። ነገር ግን ክፍሉ ጨለማ ነበር፣ እጄም በርዶት ነበር። ነገ ፀሐይ ስትወጣ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው፣ ምናልባት ትንሽ እንኳ