ኖራና ኖሮ

ጥር 6

ካውያው ዛሬም ተፋብኝ። በክፍያ የምተኩስላት አስተማሪ ጥቁር ቀሚስ ላይ፣ ያውም ደረቱ ላይ፣ ነጭ ብናኝ። በብሩሽ ብል አልለቅ አለ፤ በጥፍሬ ፈቅፍቄ አነሳሁት። ውሃችን እንዲህ ነው፤ የነካውን ሁሉ ሳያነጣ አይሄድም። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ቅርፊት፣ ብርጭቆው ላይ ጭጋግ... ሻወሩማ ቀዳዳው ግማሹ ታውሮ፣ የቀረው ወደ ግድግዳ ይተፋል። ውሃውን እየተከተልኩ ስዞር ታጥቤ ወጣሁ። ብቻዬን ሳቅኩ።

አመሻሽ ላይ እማዬ ወንበሯን ይዛ ኮሪደር ወጣች። ቦይለሩ ሲሞቅ እህ... እህ... ይላል፤ ከዚያ ማጉረምረም። "አባትሽ መጣ" አለች። አባዬ ካረፈ ሁለት ክረምት አለፈ። ጎረቤታችን አጥሯን ሰማያዊ መቀባቷን ነገረችው። እሱም አጉረመረመ። በሕይወት ቢኖርም ሌላ መልስ አይሰጥም ነበር።

ጥር 9

ወንድምጋሼ ደወለ። ትናንት እማዬ ስልኩን አንስታ "ቆይ፣ አባትህ እያወራኝ ነው" ብላው ኖሯል።

"እሑድ እመጣለሁ። እንዲህ ከሆነች እኔ ጋ ትግባ። ቤቱን እናከራየዋለን።"

"ወንድምጋሼ፣ ቦይለር እኮ ነው!"

"እሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገሪያት።"

እማዬ ይህን ቤት ዐይኗን ጨፍና ታውቀዋለች፤ የትኛው በር እንደሚጣበቅ፣ የትኛው ጣውላ እንደሚጮህ። ወስዶ እሱ ያለበት አምስተኛ ፎቅ ላይ ሊያስቀምጣት? ፈራሁ። ለእሷ ብቻ አይደለም። እሷ ከሄደች እኔ ምን ቤት አለኝ?

ጥር 10

ሙቅ ውሃው ጭራሽ እምቢ አለ። ጠብ... ጠብ...

ጥር 12

ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ሰፈሩ "ሬዲዮ" ይለዋል፤ ከገባ አይዘጋም። የሻወሩን ራስ ፈትቶ አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፈው፤ "አሁን እንደ ዝናብ ነው የሚወርደው" አለ አፉን ሞልቶ። መልሶ ገጠመው። ጠብ... ጠብ...

"አፉ አይደለም፣ ጉሮሮው ነው" አለና ከቦይለሩ የሚወርደውን ቧንቧ ቆረጠው። ነጭ ዋሻ! መሃሉ ላይ እርሳስ የማያሳልፍ ቀዳዳ። ድንጋዩ ውሃው ውስጥ ሟምቶ ነው የሚመጣው፤ ሲሞቅ ጊዜ ይጥለውና ይሄዳል አለኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ ነበር የምሰማው። እኛ ቤት እያሳሳቀ ያመጣል።

ቦይለሩን ከፈተ። ማሞቂያው ብረት ቅርፊት ውስጥ ተቀብሯል። ውሃው ከቅርፊቱ ሥር ታፍኖ ሲፈላ ነው የሚያጉረመርመው።

"ካልተጠረገ ብረቱ ይቃጠላል።"

"ከተጠረገስ... ድምፁ?"

"ጭጭ!"

እሺ ብል ከእሷ አባዬን ልነጥቅ ነው። ተወው ብል እሑድ ደርሷል...

"ጥረገው" አለች እማዬ ከኋላችን። መቼ መጣች?

ሳፋ ሙሉ ወጣ። የእንቁላል ቅርፊት የሚመስል፣ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ። ሬዲዮ አንዱን አንስቶ "እማማ፣ ሲያጉረመርምብዎት የከረመው ይኸውልዎት። ኖራ ነው" አላት።

"ኖራ አይባልም" አለችው ኮስተር ብላ። "ወንድ ነው። ኖሮ በል።"

ሬዲዮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን እሑድን አሰብኩ። ወንድምጋሼ ፊት እንዲህ ብትልስ?

ጥር 13

ወንበሯን አወጣች። ቦይለሩ በራ። ዝም። ቀዩ መብራት እስኪጠፋ ጠበቀች፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች።

ሻወሩ እውነትም እንደ ዝናብ ይወርዳል። ደስ አላለኝም። ምን አደረግኩ?

ጥር 14፣ እሑድ

ወንድምጋሼ ገና ሳይቀመጥ ሊፈትናት፣ "እማዬ፣ አባዬስ?" አላት።

"አባትህማ ካረፈ ሁለት ክረምቱ። ረሳኸው እንዴ?" አየችው። "ቦይለሩ ኖራ ይዞት ነበር፣ አስጠረግነው። ግባና ታጠብ፣ አቧራ ለብሰሃል።"

ገባ። እየዘፈነ ታጠበ! ስለ አምስተኛው ፎቅ ሳያነሳ ዋለ። በር ላይ "ደህና ናት እኮ" አለኝ፤ ታማለች ያልኩት እኔ የሆንኩ ይመስል።

ሰሃን እያጠብን ጠየቅኳት።

"እማዬ... ታውቂ ነበር?"

"አባትሽ ሲገጥመው ካቻቢቴ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ቦይለር ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን...?"

"ማጉረምረም የለመደ ጆሮ፣ ልጄ... ዝም ያለ ቤት ይከብደዋል።"

"ኖሮ በል ያልሽውስ?"

"አባትሽ ቢሰማ ይስቅ ነበራ።"

ሳቅኩ፤ ወዲያው እንባዬ መጣ። ከወደድሽው ለምን ጥረገው አልሽ አልኳት። "አንቺም ሰው ነሽ። ግድግዳ ለግድግዳ እየዞርሽ ስትታጠቢ እሰማሻለሁ" አለች፣ እጇን እያደረቀች።

ጥር 20

ሕልም አየሁ። ቧንቧው ውስጥ እሄዳለሁ። ነጭ፣ ጠባብ፣ ሞቅ ያለ። ጫፉ ላይ አባዬ ጎንበስ ብሎ እጁን ይታጠባል። ልጠራው ስል ነቃሁ።

መስኮቱ ሥር አንዲት ቅርፊት አለች፤ እማዬ ከሳፋው አስቀርታት ኖሯል። ብርሃን ላይ ይዤ አየኋት። ስስ ስስ መስመር፣ አንዱ በአንዱ ላይ። የታጠብንበት ሙቅ ውሃ ሁሉ እያለፈ የተወው... እሱ ጢሙን የተላጨበትም እዚህ ውስጥ ይኖራል? ይኖር ይሆናል። መልሼ አስቀመጥኳት።

ግንቦት 2

ሬዲዮ ውሃ ማለስለሻ ግጠሙ፣ አለዚያ ኖራው ይመለሳል ብሎን ነበር። እማዬን ስጠይቃት "ምን ያስቸኩላል? ሲብስበት እናስጠርገዋለን" ትላለች። እኔም አልገፋኋት።

ዛሬ አመሻሽ ላይ እየተኮስኩ... ከኮሪደሩ የሆነ ነገር። ስስ። ካውያውን አቆምኩ። እህ...

ወንበር ስቤ ወጣሁ። ተቀመጥኩ፤ እኔ!

"ምንድነው?" አለች እማዬ ከወጥ ቤት። "ኖራ ነው?"

"ኖሮ ነው" አልኳት።

ከዚያ ጎረቤታችን አጥሯን እንደገና አረንጓዴ መቀባቷን ነገርኩት።