በፍልሰታ ወተት የሚገዛ ቤት

ነሐሴ 2፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም መጋዘን ውስጥ ማሾ ለቀማ። ጠጠሩን ወዲያ፣ ፍሬውን ወዲህ። አቧራው ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጧል። ሙቀቱ የሮቢት ነው፣ ምን ይባላል። ከሁሉ የሚያደክመኝ ግን አብራን የምትለቅመው የብርቄ ወሬ። አንቺ ደብተር፣ ይህች ሴት እኮ ማውራት አታውቅም! ማጀቴ ከተማ ስለጠፋች ሙሽራ ልትነግረን ጀመረች፤ ገና አፏን ስትከፍት አክስቷ ቤት ተገኘች ብላ ቁጭ። ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማታል? የተገኘችን ሙሽራ ማን ይፈልጋል? ሁላችንም ወደ ሰፌዳችን አጎነበስን።

እኔ ብሆን ነጠላዋን ወንዝ ዳር አስቀምጬ እስከ ምሳ አቆያቸው ነበር።

ነሐሴ 4

ነገር አገኘሁ። ጎረቤቴ ዓለምነሽ፣ የዲ/ኑ ሚስት። እዚህ ሰፈር ከገቡ ሦስት ወር ቢሆናቸው ነው፤ ልጅ የላቸውም። በየጧቱ ከወተት ሻጯ ከዘሃራ ወተት ትገዛለች። በፍልሰታ! ሕፃናቱ እንኳ በሚጾሙበት! በነጠላዋ ሸፈን ታደርግና እልም። ማን ነው የሚጠጣው? እረፍት ነሳኝ።

መጋዘን ስገባ አልቻልኩም። ስም አልጠራሁም ብዬ አልዋሽሽም፣ ጠርቻለሁ። ወተቱን ነገርኳቸውና ዝም። "እና?" አሉ። "እናማ፣ በፍልሰታ ወተት የሚጠጣ ማን ነው? ጥርስ የሌለው ነዋ!" ለቀማው ቆመ። ብርቄ አፏን ከፍታ ቀረች። አቤት ደስ ሲለኝ!

ነሐሴ 5

"ልጁስ፣ እትዬ ጥሩዬ?" አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። ልጅ አልኩ እንዴ? ጥርስ የሌለው ነው ያልኩት፣ ቀሪውን ራሳቸው ወለዱት። ብቻ ዓይናቸው ሲቁለጨለጭ ጊዜ ቀጠልኩ። በግድግዳው በኩል ልቅሶ ሰማሁ አልኩ። ድመት ይሁን ምን እንጃ። የተዘጋ በር ብቻ ነው የሚወዱት፣ ከፍተሽ ብታሳያቸው ያዛጋሉ። የዋሃን።

ነሐሴ 7

ወሬዬ ገበያውን ዞሮ ተመለሰ፤ እኔው አላወቅሁትም። ባጃጅ ነጂ ነገረኝ፣ ለእኔው! ልጁ ከማጀቴ የተሰረቀ ነው አለ። እናቱ ማን ናት? አያውቅም። ማን ነገረህ? ሰው። ግን ይምላል። እነዚህን ሰዎች ጠጠር ብታጎርሻቸው ማሾ ነው ብለው ይውጣሉ።

እውነቱን ልንገርሽ? ትንሽም ቀናሁ። "የተሰረቀ" የሚለው እንዴት ሳይመጣልኝ ቀረ?

ነሐሴ 8

ዓለምነሽ ዛሬ ወተት ልትገዛ አልወጣችም። በሯን በድንጋይ ደብድበውታል።

ዘሃራን መንገድ ጥግ ላይ ያዝኳት። ወላሂ ምን ልጅ አለ፣ አለችኝ፤ ለማንም እንዳልናገር አስምላ አወጣችው። ዲ/ኑ ቀን ቀን ወደ ቀወት ገጠር ወርዶ የሰው ማሾ ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጫል። መርዙን ያበርዳል ብለው ረጪዎቹ ሁሉ ወተት ይጠጣሉ። ሳይጠጣ የዋለ ቀን ሲያስመልሰው ያመሻል። ዲያቆን ሆኖ በፍልሰታ ወተት ጠጣ ከተባለ ደግሞ ቤ/ክ በምን ዓይኑ ይገባል? ስለዚህ ሚስቱ ተሸፋፍና ትገዛለታለች።

ይኸው ነው ምሥጢሩ። ያመመው ሰውዬ። ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን እንዳይመስልሽ። ታሪኬ ሞተች ብዬ ነው የከፋኝ። ከብርቄ በምን ተሻልኩ?

ነሐሴ 9፣ ምሳ ሰዓት

ነገርኳቸው። ልጅ የለም፣ ልቅሶም አልሰማሁ፣ ውሸቴን ነው አልኩ። ሳቁብኝ። ብርቄ ጠጋ ብላ፦ "አስፈራርተውሽ ነው አይደል? ዲያቆኑ የሚያውቀው ነገር አለ ይባላል..." አለችና እዚያው ላይ አቆመች። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ይኸው፣ ማንጠልጠል ከእኔ ተማረች!

ነገ ጧት ሚሊሻ ይዘው ቤቱን ሊፈትሹ ተነጋግረዋል። ልጅ አያገኙም። ወተቱንና የመርጫ ዕቃውን ግን ያገኛሉ። ያን ጊዜ ሰውዬው አለቀለት።

"የለም" ማለት አይበቃም፤ ባዶውን ራሳቸው ይሞሉታል። ወተቱን የሚጠጣ ሰው ልስጣቸው። የሚያውቁት፣ የማያጓጓ ሰው።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ዓለምነሽ ጋ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አደረገችው። ያስወራሁት እኔ ነኝ አልኳት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ምን አደረግንዎት፣ እትዬ?" ብቻ። ማወቅ አምሮኝ ነው ልል ነበር።

ወሰንኩ። ነገ ለፍተሻው ሳይነሱ ከዘሃራ ወተት ገዝቼ መጋዘኑ ደጃፍ እቆማለሁ። ጨጓራዬን አሞኝ ነው፣ ዓለምነሽን የምልካት እኔ ነኝ፣ ጾም መግደፌ እንዳይታወቅ ነው ልጅ ያልኩት እላለሁ። ያምናሉ፤ ለሰው ነውር ማስረጃ ጠይቀው አያውቁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ፍልሰታን አንድ ቀን ገድፌ አላውቅም። እውነቱን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ። ወተቱን ግን እጠጣዋለሁ፣ ብርቄ ፊት፣ እስከ ጭላጩ።