የባትሪው ቢተው ሕይወት፤ አፈራቸውን ለወሰዳችሁ ሁሉ

በልጅ ልጃችን በብርቅዬ ደም ውስጥ የተገኘው የባትሪ እርሳስ በየት በኩል ገባ? ከግቢው ነው፣ ከቤቱ ወለል ነው ወይስ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች? የሚመልስልኝ አጣሁ። እኔ ዓይናዲስ ደባሱ የባለቤቴን የአቶ ቢተው ደግሰውን ታሪክ እንደ ወጉ ከልደታቸው እጀምራለሁ፤ ጥያቄው ግን አይለቀኝምና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

አቶ ቢተው ከአባታቸው ከቄስ ደግሰው ተክለ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ማርያም ውዱ፣ በላስታ ገነተ ማርያም አካባቢ በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። አባታቸው ለቅዳሴ አስበዋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን የተሰበረ ቁልፍ ሲፈቱና ሲገጥሙ ይውሉ ነበርና ቄስ ደግሰው «የዚህ ልጅ ጸጋው ከጉሮሮው ሳይሆን ከእጁ ነው» ብለው ተዉአቸው።

በ1966 ዓ.ም. ክፉ ቀን ሲመጣ ወልድያ ወርደው ጋራዥ ገቡ። መጀመሪያ ጎማ ነፉ፤ ኋላ የባትሪ ሥራ ለመዱ። በ1975 ዓ.ም. ፍላቂት ላይ የቆመ አውቶቡስ ሲያስነሡ ተያየን፤ በዚያው ዓመት በተክሊል ተጋባን። እናቴ እጃቸውን አይታ «ይህ ጥቁረት ሲታጠብ ይለቃል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። በአርባ ሁለት ዓመት ትዳራችን አልለቀቀም። ልጃችንን ኪዳንንና እኅቱን ፋናን ወልደን አሳደግን።

በ1984 ዓ.ም. ወደ ላሊበላ ተመልሰው ከከተማው ጫፍ፣ ገብስ ይዘራበት ከነበረ ማሳ አጠገብ፣ የባትሪ ቤታቸውን ከፈቱ። የሞተውን ባትሪ ሆዱን ከፍተው፣ እርሳሱን በብረት ድስት አቅልጠው፣ የሽቦ መያዣ ጫፉን እንደ አዲስ አውጥተው ይመልሱ ነበር። አሲዱንም አመዱንም ከጓሮ ይደፉታል። ያኔ ጓሮው የማንም አልነበረም። ዓመት በዓመት ሆቴሉ በዛ፣ መኪናው በዛ፣ ቤቱ ተጠጋ፤ ጫፍ የነበረው ቦታችን መሃል ከተማ ሆነ።

አቶ ቢተው ሰው አይመልሱም ነበር። በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ከተማው መብራት ባጣ ጊዜ የሶላር ባትሪ ያልጠገኑለት ሰፈር አይገኝም። ከጠዋት እስከ ማታ ያቀልጡ ነበር። አገር መረቃቸው። ብርቅዬ ያኔ እዚያው ግቢ ትድህ ነበር፤ እኔም እያየኋት እስቅ ነበር።

አሁን ወደ አፈሩ ልምጣ። የጓሯችን አፈር እየጠቆረና እየላመ ሄደ። በ2012 ዓ.ም. ኪዳን ሰብሌን ሲያገባ ቤቱን እዚያው ሠራንለት። ወለሉንና መደቡን በዚያ አፈር፣ ከጭድና ከእበት ጋር ለውሼ፣ በገዛ እጄ መረግሁት። አንዲት ስንጥቅ አላወጣም። ጎረቤት አይቶ ወደደው፤ አንዱ በጆንያ፣ አንዱ በአህያ ወሰደ። አቶ ቢተውም «አፈር ምን ይነፈጋል፤ ውሰዱ» ይሉ ነበር። ከወሰዱት ውስጥ በትክክል የማስታውሰው ጎረቤታችንን ይማርሽን ብቻ ነው። ዘንድሮ የወለደችው ልጇ አሁን መዳህ ጀምሯል።

ሰብሌ ብርቅዬን ስታረግዝ አፈር አማራት። መደቡን በጥፍሯ ስትፍቅ ደርሼባት «ቤቱን በልተሽ ልትጨርሺው ነው?» ብላት፣ «ምን ላድርግ እማማ፤ ልጅዎ ካመጣልኝ ብርቱካን መደብዎ ይጥማል» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። አምሮት ሲከለከል በልጁ ገላ ላይ ይወጣል ይባላልና ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ ከጓሮው ጥሩ ጥሩውን ጓል እየመረጥሁ፣ ውሃ አርከፍክፌ፣ በመሐረብ ቋጥሬ እሰጣት ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርሁም። ይልቁንም የብርቅዬ አፍ መፍታት ሲዘገይ፣ ሆዷንም ሲቆርጣት፣ በሰው ፊት ሰብሌን «መደብ ስትፍቂ ከርመሽ» እያልሁ ወቀስኋት። እርሷም «አንቱ ነዎት ያበሉኝ» ማለት ስትችል አላጋለጠችኝም።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ቶሎ ቶሎ ያደጉ ከተሞችን አፈር የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ከየግቢው በትንሽ ከረጢት ቆነጠሩ። የኛን አፈር መርምረው ሲያዩ ተመልሰው የብርቅዬን ደም ወሰዱ። ውጤቱን የነገረችን ወጣት እንዲህ አለች፦ «እናቴ፣ እርሳስ መርዝ ነው፤ እንደ ቅጠልም አይበሰብስም። ሰው ካላነሣው በቀር ከአፈሩ ንቅንቅ አይልም።» እኛ ደግሞ በአህያ ጭነን ለሰፈሩ አከፋፍለነዋል።

አቶ ቢተው በዚያን ጊዜ ታመው ነበር። ኩላሊታቸው ደክሞ፣ ብርጭቆ መያዝ እንኳ ተስኗቸው ነበር። የብርቅዬን ውጤት ሲሰሙ መዳፋቸውን ገልብጠው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ «ማን ማን እንደወሰደ አላስታውስም፣ ዓይናዲስ። ስሞት ግን ሁሉም ይመጣል። ያን ጊዜ ይነበብላቸው» አሉኝ። ኪዳን «እማዬ፣ በቀብራቸው ቀን የአባባን ስም ልታጎድፊ ነው?» ብሎኛል። አይደለም፤ የመጨረሻ ቃላቸውን እያደረስሁ ነው።

ስለዚህ ከጓሯችን አፈር የወሰዳችሁ፣ ወለሉን በደረቁ አትጥረጉት፤ ውሃ እርጩበት። ሕፃን አይዳህበት። ልጆች ሳይበሉ በፊት እጃቸውን አሳጥቡ። እስኪነሣ ድረስ በወፍራም ምንጣፍ ሸፍኑት፤ ስታነሡትም ለብቻው ቅበሩት እንጂ ለሌላ ሰው አትስጡ። እርጉዝ ካለች፣ አምሮት ነው ብላችሁ እንደ እኔ አፈር አታቀብሏት።

አቶ ቢተው ደግሰው በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ትናንት ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን ትተዋል። ፈጣሪ በእጃቸው ያበሩትን እንጂ ሳያውቁ የበተኑትን አይቁጠርባቸው፤ የሚለብሱትም አፈር ንጹሕ ይሁንላቸው።

ይህን ዛሬ ጠዋት አስቀድሜ ለቤተሰቡ አነበብሁት። ሰብሌ ወዴት ሄደች ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ የሆነውን ልጨምር። ስለ ጓሉ የጻፍሁት ላይ ስደርስ ሰብሌ ቀና ብላ አየችኝ። ውጤቱ ከመጣ ጀምሮ ብርቅዬን አስታቅፋኝ አታውቅም። አንብቤ ስጨርስ ተነሣች፤ ልጅቷን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ከአልጋው ላይ ወፍራሙን ምንጣፍ ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወደ ይማርሽ ቤት በሚያወጣው በር ወጥታ ሄደች።