ከራሴ ጋር ስላደረግኩት የስንብት ቃለ መጠይቅ

ለተከበሩ ዋና ዳይሬክተራችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የወገብ ሕመምዎ ተሽሎዎት ይሆን? የሕመም ፈቃድዎን ማኅደር ውስጥ የማስገባው እኔ በመሆኔ አልረሳሁትም፤ ፈጣሪ ጨርሶ ይማርዎ። በዚህ የእርዳታ ድርጅት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ስቀጥርና ሳሰናብት የኖርኩት የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለሁሉም ግልጽ ያደረግኩት አሽጌ የላክኋቸው ሦስቱ መልስ አጥተው ስለቀሩ ነው። ሥራ ስለሚበዛብዎ አልቀየምኩም።

፩. ቅርንጫፋችን መዘጋቱን ከሁሉ በፊት ለእኔ ስለነገሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህም አርባ አንድ ባልደረቦቼን የማሰናበት ዕድል አገኘሁ። በደንባችን መሠረት እያንዳንዱን በትንሿ ክፍል ከፊቴ አስቀምጬ አሥራ አንዱን ጥያቄ ጠየቅኩ። ሹፌሩ አለቀሰ። ነርሷ ስለ ሥራው አንድም ቃል ሳትናገር ስለ ልጇ ጥርስ አውርታልኝ ሄደች። የመጨረሻው ጥያቄ «ሳይነገር የቀረ ነገር አለ?» የሚል ነው፤ ቅጹ ላይ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ሁሉም አላቸው። ሁሉንም ሰማሁ።

፪. ከዚያ እኔ ቀረሁ። ማን እንደሚያሰናብተኝ በስልክ ብጠይቅዎ፣ «አሠራሩን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አንቺው ጨርሺው» ብለው ስላከበሩኝ ውለታዎ አለብኝ። እኔም ደንብ አክባሪ ነኝና ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አድርጌ፣ ስጠይቅ በአንዱ ስመልስ በሌላው ተቀመጥኩ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ጉልበቴ እምቢ አለ። አሥራ አንደኛው ላይ ደርሼ ራሴን ጠየቅኩና ወንበር ቀየርኩ፤ ፊት ለፊቴ ማንም የለም። «የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ለባዶ ወንበር ምን ይነገራል?

፫. ቅጹን ግን «ጠያቂና ተጠያቂ አንድ ሰው ሊሆኑ አይችሉም፤ ያልተሟላ» ብለው መለሱት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የጻፍኩትን ነገር እስከ መጨረሻው ያነበቡት ለመጀመሪያ ጊዜ ነውና ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ደግሞም ልክ ነዎት። ክቡር ሆይ፣ ሆድ ብሶኛል። የአርባ አንድ ሰው የመጨረሻ ቃል እኔ ዘንድ አለ፤ የእኔ ማንም ዘንድ የለም። ለእህቴ ብነግራት፣ ስንቱን ሰው ቀጥረሽ አንድ የሚጠይቅሽ ሰው እንዴት ታጪያለሽ ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ አልቀጠለም።

ስለዚህ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ከፊቴ እንዲቀመጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጥያቄዎቹን ማንበብ ብቻ ይበቃል። መልሱን ማዳመጥ ግዴታ አይደለም፤ በዚህ በኩል የካበተ ልምድ እንዳለዎት አውቃለሁ።

ደብዳቤዎችዎን ስታረቅቅ፣ ፊርማዎን ስትጠብቅ፣ መልስዎንም ስትናፍቅ የኖረች፣
ቅጿ ያልተሟላ ሠራተኛዎ

ማሳሰቢያ፦ የእርስዎም ውል ከሁለት ወር በኋላ እንደማይታደስ ቦርዱ የጻፈው ደብዳቤ ትናንት በእኔ በኩል አልፏል። የስንብት ቅጽዎን አዘጋጅቼ መሳቢያዎ ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ የጠያቂው ስም ቦታ ባዶ ነው። ሰው ካጡ ይደውሉልኝ፤ እኔ እመጣለሁ።