በመክሳቴ የተነጠቅኩት መርፌ

ለክቡር ሚስተር ኤልስወርዝ ፔን፣
የሰሜን ጥድ የጤና መድን ድርጅት የመድኃኒት ፈቃድ ክፍል ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በፍጹም ጤንነት እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። ምኞቴ ለወጉ ያህል አይደለም፤ አንድ ነገር ቢያምዎት በራስዎ ድርጅት በኩል ፈቃድ ጠይቀው መታከምዎ አይቀርምና፣ እንዲህ ያለውን መከራ ለጠላቴም አልመኝለትም። ጉዳዬን በኦተር ክሪክ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ በአደባባይ ለማቅረብ የተገደድኩት በግል የላክኋቸው ደብዳቤዎች "መልእክትዎ ለእኛ እጅግ ውድ ነው" ከሚል ምላሽ በቀር ምንም ስላላስገኙልኝና፣ ውድ ዕቃ ተቆልፎበት እንደሚቀመጥ ዘግይቶ ስለገባኝ ነው።

በመዝገብዎ ላይ ቁጥር ብቻ ስለሆንኩ ራሴን ላስተዋውቅ። ዊልማ ያንኮቭስኪ እባላለሁ። ሐይቁ ዳር "ቀይ መቅዘፊያ" በሚባለው መጠጥ ቤት ዓርብ ዓርብ ዓሣ የምጠብሰው እኔ ነኝ። እርስዎም የዊስኮንሲን ልጅ ነዎትና የዓርብ ዓሣ ምን እንደሆነ አልነግርዎትም፤ ካቶሊኩም፣ ሉተራኑም፣ እግዜር የለም ባዩም ሳይቀር በአንድ ሰልፍ የሚቆመው እኔ በር ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኖርበርት ደግሞ የካውንቲው በረዶ ጠራጊ መኪና ሾፌር ነበር። አሁን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። ከዘመድ ሁሉ ተመርምሮ ኩላሊቷ የተስማማለት እኔ ብቻ ነኝ። የንቅለ ተከላ ሐኪሞቹ ግን በዚያን ጊዜ ክብደቴ ቢከፍቱኝ ለእኔም አደጋ እንደሆነ፣ በአንድ ኩላሊት ለመኖርም እንደሚከብደኝ ነግረው፣ ከወሰኑት መስመር በታች ወርጄ እንድመለስ አዘዙኝ። ኖርበርት ይህን ሲሰማ "አይ ዕድሌ! ሕይወቴ በአንቺ ሹካ ላይ ይንጠልጠል?" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

እንግዲህ አቤቱታዬን በቁጥር የማቀርበው ድርጅትዎ ቁጥር ስለሚወድ ነው።

አንደኛ፦ ሐኪሜ ዶክተር ማይ ቫንግ ረሃብ የሚቀንሰው የክብደት መቀነሻ መርፌና የአኗኗር ለውጡ ጎን ለጎን እንዲሄዱ ጠይቀው ሳለ፣ ድርጅትዎ በጥበቡ "መጀመሪያ ያለ መድኃኒት ትሞክረው" ብሎ ግማሽ ዓመት በስልክ አሠልጣኝ ስላስመከረኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አሠልጣኟ በጣፋጭ ድምፅ "ከተጠበሱ ምግቦች አካባቢ ራስሽን አርቂ" ስትለኝ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ እጄ በሊጥ ተለውሶ፣ ከፊቴ ዘይቱ ይንጣጣ ነበር። ዋናተኛን ከውኃ ራቅ የማለት ያህል ነው። ሆኖም አኗኗርን መለወጥ ቀልድ ነው እንዳልል የሞከርኩት እኔው ነኝ። ብራንዲዬን በስኳርና በቼሪ መጠጣት ተውኩ። ሲያኝኩት ጥርስ ላይ የሚጮኸውን ትኩስ አይብ፣ እናቴ ስትሞት እንኳ ያልተለየሁትን፣ ተሰናበትኩት። በክረምቱ በረዶ ውጭ መሄድ ስለማይቻል በየማለዳው ተማሪዎቹ ሳይገቡ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ኮሪደር ከኖርበርት ጋር እዞር ጀመር፤ እሱ ይደክመዋል፣ እኔ ያልበኛል፣ የጽዳት ሠራተኛው መጥረጊያውን ተደግፎ ያጨበጭብልናል። ክብደቴ ጥቂት ወረደና መንገዱን ያውቀው ስለነበር ተመለሰ።

ሁለተኛ፦ በመጨረሻ መርፌውን ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ፤ ይህንን ያለ ሽሙጥ ነው የምጽፈው፣ ደስ ይበልዎ፣ ሁለተኛ አይደገምም። ዶክተር ቫንግ ከትንሹ መጠን አስጀምረው፣ ደሜን እየመረመሩ፣ ማቅለሽለሹ ሲብስ መጠኑን እያቆዩ፣ ሲሻለኝ ከፍ እያደረጉ መሩኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን "መርፌው ረሃብሽን ይቀንስልሻል እንጂ ዊልማ፣ አይራመድልሽም፤ እንቁላሉንም አይበላልሽም። ሥጋና እንቁላልሽን ካልበላሽ፣ ክብደት ካላነሳሽ፣ ከስብሽ ጋር ጡንቻሽም ይሄዳል" ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔም ታዘዝኩ። ያኔ የሆነውን ለእርስዎ ማስረዳት ይከብደኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ በጭንቅላቴ ውስጥ ቀን ከሌት "ብዪ፣ ትንሽ ብቻ፣ ብዪ" የሚለኝ ድምፅ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚሰማው ይመስለኝ ነበር። እሱ ዝም አለ። ሙሉ ገበታ ዓሣ ጠብሼ፣ አንዷን ቁራጭ ቀምሼ፣ እጄን ታጥቤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከመግባቴ በፊት ግን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰነፍ፣ ሆዳም፣ ፈቃደ ደካማ ስባል የኖርኩት በሽታ ኖሮብኝ ነበር ለካ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ሳልደብቀው ነው እንግዲህ የተነጠቅኩት።

ሦስተኛ፦ የሆስፒታሉን መስመር አልፌ ወርጄ፣ የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆርጦ፣ ኖርበርት ለሆስፒታል የሚሆን አዲስ ፒጃማ በገዛበት ሳምንት ከድርጅትዎ ሁለት ፖስታ በአንድ ቀን ደረሰኝ። በአንደኛው ውስጥ የምትሮጥ ቀጭን ሴት ሥዕል ያለበት "በስኬትሽ ኮርተናል!" የሚል ካርድ ነበር። በሁለተኛው ውስጥ ደግሞ ክብደቴ ለመድኃኒቱ ከሚያበቃው ቁጥር በታች ስለወረደ ፈቃዱ እንደማይታደስ የሚገልጽ ውሳኔ ነበር። ካርዱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ውሳኔውን የት እንደለጠፍኩት ይሉኝታ ይዞኝ አልጽፍም። ኖርበርት ሁለቱንም አንብቦ "እንዲህ ከሆነማ፣ አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ በታየ ቁጥር እኔን ማባረር ነበረባቸው። በረዶ የለም፣ ጠራጊ ምን ይሠራል?" አለኝ። ዶክተር ቫንግ ይህ በሽታ እንደ ደም ግፊት መሆኑን፣ መድኃኒቱ ድንገት ሲቋረጥ ክብደቱ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ቢያንስ እስከ ቀዶ ጥገናው በሐኪም እጅ እንድቆይ ለምነው ጻፉልዎ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አራተኛ፦ የሐኪሜን ይግባኝ እንዲመረምር የመደቡት ባለሙያ የጆሮ ሐኪም ስለነበሩ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዶክተር ቫንግ በስልክ ሲያስረዷቸው ጆሮ እንዳልሰጧቸው ነው የነገሩኝ። ስልኩን ሲዘጉ ዶክተሯ በእናታቸው ቋንቋ፣ በህሞንግኛ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃቸው ለታካሚ እንደማይተረጎም ነገሩኝ። የዚህን አቤቱታ ቀሪ ክፍል ባለቤቴ ዱዌይን ጋዜጣው ይከሰሳል ብሎ ሰርዞታል።

አምስተኛ፦ ወደ ድርጅትዎ ደውዬ፣ ያንን ሙዚቃችሁን እስኪሰለቸኝ ሰምቼ፣ በመጨረሻ ያነጋገረችኝን ሠራተኛዎን ስም አልጠራም፤ ደግ ሴት ናትና እንጀራዋን አላሳጣትም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የኔ እህት፣ ይህን ያልኩሽ እኔ አይደለሁም። ግን ኮምፒዩተሩ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ትንሽ ወፈር በይና እንደ አዲስ አመልክቺ" አለችኝ። እኔ ለዱዌይን ነገርኩት፣ ዱዌይን ለመጠጥ ቤቱ ነገረ፣ መጠጥ ቤቱ ደግሞ ምስጢር ጠብቆ አያውቅም።

በእኛ አገር ሰው ሲታመም፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ ትራክተር ሲገለበጥ የእርዳታ እራት እንደሚዘጋጅ ያውቃሉ። ሁሉም ከቤቱ የሠራውን ይዞ ይመጣል፣ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ሥጋ በዕጣ ይወጣል፣ ሰው በልቶ ይረዳዳል፤ ሌላ ዘዴ አናውቅም። የቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ወጥ ቤት አዛዥ የሆነችው ኢርማ ሉንድግሬን ወሬውን በግማሽ ጆሮዋ ሰምታ ኖሮ፣ በሳምንቱ ነዳጅ ማደያው በር ላይ "ዊልማን እናወፍር! ኖርበርትን እናድን!" የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ሳቄም እንባዬም በአንድ ላይ መጣ።

ወደ አዳራሹ ስገባ ከተማው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበልኝ። በክሬምና በአይብ የተጋገረ ድንች በየትሪው ተደርድሯል፤ የአሳማ ሥጋው፣ በክሬም የተሞላው ኬክ፣ ቅቤ የተቀባው ዳቦ ገበታውን አጣቦታል። ኢርማ ራሷ ሳህኔን ሞልታ "ብዪ ልጄ፣ ለወንድምሽ ስትዪ ብዪ። አሁን እንኳ አትግደርደሪ" አለችኝ። እኔም፣ ምን እደብቅዎታለሁ፣ በላሁ። መርፌው ከተቋረጠ ወዲህ ያ ድምፅ ተመልሷል፤ አሁን ደግሞ የመላው ኦተር ክሪክ ሕዝብ አብሮት "ብዪ" እያለ ነበር። ሳህኑን ስጨርስ ግን ቆሜ ነገርኳቸው፦ ለመድኃኒቱ የመድን ድርጅቱ ቁጥር ከላይ ነው፣ ለቀዶ ጥገናው የሆስፒታሉ መስመር ከታች ነው፤ ለመርፌው ብወፍር ኩላሊቴን አይቀበሉኝም፣ ለኩላሊቱ ብከሳ መርፌውን አይሰጡኝም፤ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ነው አልኳቸው። ኢርማ ማንኪያዋን እንደያዘች "ታዲያ እኛ ኖርበርትን በድንች ልንገድለው ነው እንዴ?" አለች። ድንች ለኩላሊት ሕመምተኛ የተከለከለ ነውና ኖርበርት ከጥግ ሆኖ "ኢርማ፣ ትሪውን ወዲህ አምጪው። መብላት ባይፈቀድልኝም ላሽትተው" አላት። ሰው ሳቀ፤ ኢርማ ግን ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች።

ከዚያ ወዲህ የኢርማ ጓደኞች በሙሉ በየማለዳው በትምህርት ቤቱ ኮሪደር አብረውኝ ይዞራሉ። የሚያመጡልኝም የተቀቀለ የቱርክ ዶሮ ሥጋና አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ነው፤ አቀቃቀሉን ግን እግዜር ይይላቸው። ክቡር ሆይ፣ የአኗኗር ለውጥ የሚሉት ነገር እዚህ ከተማ ውስጥ ከእኔ አልፎ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን ሴቶች ሁሉ አዳርሷል። የጎደለው መርፌው ብቻ ነው።

ባለፈው ሰኞ ሆስፒታሉ መዘነኝ። መስመሩን አልፌ ወጥቻለሁ። ቀዶ ጥገናው ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ። ወደ ቤት ስንመለስ ኖርበርት በመስኮት ሲያይ ቆየና "ግድ የለም እቴ፣ ኩላሊትሽ እንደሆነ የትም አይሄድ" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ግን የትም አለመሄዱ ነው። ፊቱ ገርጥቷል፣ እግሩ አብጧል፣ የሚቀልደውም ለእኔ ብሎ ነው። ወንድሜን እንዳላጣው ፈርቻለሁ፣ ሚስተር ፔን። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያለ ጌጥ ይቀበሉኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። ውሳኔውን ሽረው መድኃኒቱን በሐኪሜ ክትትል ይመልሱልኝ፤ ወይም ደግሞ ከእኔና ከወንድሜ በየትኛችን መጨከን እንደሚሻል በፊርማዎ አረጋግጠው ይጻፉልኝ። "ኮምፒዩተሩ አልፈቀደም" የሚል መልስ አልቀበልም፤ ኮምፒዩተሩ እህት የለውም፣ ወንድምም የለውም፣ እርስዎ ግን ሳይኖርዎት አይቀርም።

የመድን ክፍያዬን አንድም ወር ሳያዘገዩ ስለተቀበሉኝ፣ በመወፈሬ ስለመከሩኝ፣ በመክሳቴ ስለቀጡኝ፣ በስኬቴም ስለኮሩብኝ ከአክብሮት ጋር እጅ እየነሣሁ፣ በበረዶ ጊዜ መንገድዎ ይጠረግልዎ፣ ደጅ ከመጥናት ይሰውርዎ የምል፣

የድርጅትዎ ታማኝ አባል፣ የኦተር ክሪክ ዓሣ ጠባሽ፣ አንድ ኩላሊት ለመስጠት ፈቃድ የምትጠብቅ፣
ዊልማ ያንኮቭስኪ

ማሳሰቢያ፦ የሚሉትን በጽሑፍ ማስፈር ከከበደዎ ማክሰኞ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ወደ እጥበት ክፍሉ ብቅ ይበሉና ለኖርበርት ራሱ በቃል ያስረዱት፤ ከአጠገቡ የጠያቂ ወንበር አለ። አይሳደብም፣ አይቆጣም፣ እናቴ በደንብ ነው ያሳደገችው። ንግግርዎ ቢያንገሸግሸው እንኳ፣ ክቡር ሆይ፣ ደሙ በቱቦው ውስጥ ስለሚሆን ተነሥቶ ጥሎዎት መሄድ አይችልም።