የጾሙ ብልቃጥ

ቶሮንቶ፣ ነሐሴ 1989 ዓ.ም.

ለናፍቆቴ ለእናቴ፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ ደረጃው ይከብድሽ ነበርና እሰጋለሁ። እኔና ባለቤቴ ስለሺ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ቁጣሽ ደርሶኛል። እዚሁ ቶሮንቶ ያለችው የጎረቤታችን ልጅ ኤልፍነሽ በሰኔ ጾም ሬክስዴል ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ ወተት ስጠጣ አየችኝ፤ ለእናቷ ነገረች፣ እናቷም ላንቺ። አንቺም ፈረንጅ አገር ሄደሽ ጾም ገደፍሽ ወይ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ፖስታ ቤቱ ምነው ከኤልፍነሽ ፍጥነት በተማረ! አልክድሽም፣ ጠጥቻለሁ። ፍርድሽን ግን ትንሽ አቆዪልኝና ስለ ሥራዬ ላውራሽ።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሴሎችን በብልቃጥ እናሳድጋለን፤ መድኃኒቱን የሚሠሩልን እነሱ ናቸው። የምንመግባቸው ካልተወለደ ጥጃ ደም የተጣራ ፈሳሽ ነበር። የእንግሊዝ ላሞች በሽታ ከተወራ ወዲህ ግን ከከብት የሚገኝ ሁሉ ይቅር ተባለ። በምትኩ የአኩሪ አተር ዱቄት መጣ፣ ፕሮቲኑ አስቀድሞ የተሰባበረ። ሴል ጥርስ የለውማ፤ ታኝኮ ሊቀርብለት ይገባል። የማላመዱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ሳቄ መጣና ብልቃጡ ላይ በአማርኛ «የጾም» ብዬ ጻፍኩበት።

ታዲያ የእኛ ጾም መሰለኝ። እኛ ለቅበላ ጠግበን በልተን በማግስቱ ሥጋውንም ወተቱንም አንድ ጊዜ እንተወው የለ? እኔም ሰኞ ጠዋት የጥጃውን ነገር ጠቅልዬ አንስቼ አተሩን ብቻ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ መጨረሻ በማይክሮስኮፕ ሳይ ሁሉም ተኮማትረው ሞተዋል። ብልቃጡን እንደያዝኩ አለቀስኩ። አለቃዬ ዶክተሯ ግራ ገብቷት ለሴል ይለቀሳል ወይ አለችኝ። የአምናውን ምን ብዬ ልንገራት? አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ቸኩዬ የምሥራች ጻፍኩልሽ፣ ደብዳቤው እጅሽ ሳይገባ እኔ ከሆስፒታል ባዶዬን ተመለስኩ።

ዶክተሯ መጀመሪያ ግማሽ በግማሽ፣ ከዚያ ቀስ እያልሽ ቀንሺ አለችኝ። አሁንም ከሞቱ ሥራው እንደሚቆም ነገረችኝ።

እንደገና ጀመርኩ። ሰሞኑን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል እማዬ። ሴሎቹ የሚያድሩበት ሳጥን ሙቀቱ የሰው ገላ ነው፤ በሩን ስከፍት ፊቴን ሞቅ ያደርገዋል። ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ሳሳርፍ ክፍሉ ይጠፋኛል። ቀላ ባለው ውሃ ውስጥ ክብ ክብ ብርሃኖች ይንሳፈፋሉ። አንዱ ረዘም ይልና ወገቡ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ሁለት ይሆናል። ያኔ አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ አብረሽኝ የምታዪ ይመስለኛል። ዞሬ እንዳላጣሽ እፈራለሁና አልዞርም።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የሚበሉት አተሩን ብቻ ነው። ዛሬ አየኋቸው፤ በሕይወት አሉ፣ እየበዙም ነው።

ወደ ወተቱ ልመለስ። በግንቦት መጨረሻ ለንስሐ አባቴ ለአባ ሀብተማርያም ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም «የሰኔውን ተዪው፤ ፍልሰታንም፣ የነቢያትንም። ስለ ዐቢይ ጾም ያኔ እንነጋገራለን» አሉኝ። ቅር እያለኝ ታዘዝኩ። ስለሺማ ማታ ማታ ብርጭቆውን ሞልቶ ይሰጠኝና ጨርሼ እስክጠጣ ፊቴ ይቆማል። ለኤልፍነሽ እናት ምንም እንዳትመልሺላቸው። ጾም ገዳፊ ናት ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም። ዘንድሮ ቸኩዬ የምጽፈው ነገር የለም።

እመቤታችን ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ታርዝምልኝ። ደጇን ስትሳለሚ ለእኔም ለምኚልኝ፤ ምን ብለሽ እንደምትለምኚ ራስሽ ታውቂያለሽ።

ለመስቀል የምታሠሪልኝን ቀሚስ ደግሞ በድሮው ልኬ እንዳታሰፊው፤ ወገቡ ሰፋ ይበል።

ልጅሽ