ልደቱ የሚበላው

ጥቅምት 4
ከሾላ ገበያ ጎመንና ድንች ገዝቼ መሪ፣ ቤታችን ስደርስ ኩሽናው ተራቁቷል። ዳቦ የለም፣ ማር የለም፣ ሩዝ የለም። እትዬ በለጡ፣ የባለቤቴ የልደቱ ታላቅ እህት፣ ከእንጦጦ ወርዳ ሁሉንም ለጎረቤት አድላዋለች። ካንሰሩ የሚኖረው በስኳር ነው አለችኝ። ቪዲዮ አይታ! ልደቱ የጭንቅላት ዕጢው በኦፕራሲዮን ከወጣ ሁለት ወሩ፤ የጨረር ሕክምናውን ገና አልጨረሰም። ቤቱ የማን ነው?

ጥቅምት 8
የልደቱ ሱሪ ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ትንሽ ጎመን በቅቤ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ውኃ... እትዬን ሰደብኳት። በዕድሜ እናቴ ልትሆን ትችላለች፣ ነውር ነው፤ ግን ሰደብኳት። ነጠላዋን ለብሳ ወደ እንጦጦዋ ሄደች።

ጥቅምት 10
ሐኪሙን ብቻዬን አገኘሁት። "ውሸት ነው" እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት። አላለም። እንዲህ ያለ ዕጢ ስኳር አብዝቶ ይጠቀማል አለ። ስኳርና ዱቄት መቀነስ ሕክምናውን ያግዝ እንደሆነ እየተጠና ነው፣ ገና አልተረጋገጠም። ባይበላም ጉበቱ ራሱ ስኳር ይሠራል።
"እኔን የሚያስፈራኝ ክብደቱ ነው። እንዲህ ከቀነሰ ጨረሩን አይችለውም።"
እትዬ በግማሽ ልክ ናት ማለት ነው? ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ጥቅምት 11
ዛሬ ጨረሩ ቀረ። መነሳት አቃተው። ለእትዬ ደውዬ ወንድምዎን እየገደሉት ነው ልላት ስል ልደቱ እጄን ያዘኝ።
"እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ ያዘዝኳት።"
ለምን?
"ጭንቅላቴን ሌላ ሰው ከፈተው። ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ያስተኛኛል። የምበላውን እንኳ እኔ ልወስን።"
ታዲያ እኔን ለምን ደበቅከኝ? ስለምታለቅሺ አለ። አላለቀስኩም። ጮህኩበት። በሽተኛ ላይ ጮህኩ... ሴትየዋ ያን ሁሉ ስድብ ስለ እሱ ነው የዋጠችው?

ጥቅምት 19
የእንጦጦን ዳገት ወጥቼ እትዬ በለጡን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "አደራ ብሎኝ ነው ልጄ" አሉ።
ከሐኪም ቤቱ የምግብ ባለሙያ ጋር ተነጋግረን እኔ፣ ልደቱና እትዬ ተስማማን። ጣፋጭና ዱቄት ይቀነሳል፤ ዕንቁላል፣ ሥጋ፣ አቮካዶ ይጨመራል። ክብደቱ ከወረደ ዳቦው ይመለሳል። ጨረሩ አይቀርም። ያድነው አያድነው ማንም አያውቅም። ንዴቴ አልወጣልኝም። ዕጢ አይሰደብ...
ማታ ምን ልሥራልህ አልኩት። ከታመመ ወዲህ ጠይቄው አላውቅም።
"ዕንቁላል። ቃሪያ አብዢበት።"
አቀረብኩለት። ምን ያህል እንደበላ አላየሁም፤ ሆን ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ዕቃ አጠብኩ።